እንቁላል መስሏችሁ አትጨፍልቁት

ቲማቲም ላይ አንድ ወፍራም አረንጓዴ አባጨጓሬ አያችሁ እንበል። ጀርባው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ተሰክተውበታል። ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው «እንቁላሉን ተሸክሞ ነው፤ ሳይፈለፈል ልግደለው» ብሎ ነው። ከዚያ ወይ ጫማ ያርፍበታል፣ ወይ መድኃኒት ይረጭበታል። እኔ ግን ተዉት ባይ ነኝ።

ሲጀመር እንቁላል አይደለም። አባጨጓሬ ገና ልጅ ነው፤ እንቁላል የሚጥለው አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ነው። ስህተቱ ግን የቆየ ነው። ጣሊያናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኡሊሴ አልድሮቫንዲ እንኳ በ1602 እ.ኤ.አ. የጎመን አባጨጓሬ አጠገብ ያያቸውን ትናንሽ ከረጢቶች እንቁላል አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ከ400 ዓመት በላይ አለፈ፤ እኛም እዚያው ነን።

ከረጢቶቹ ውስጥ ያሉት ተርቦች ናቸው። ኮቴሲያ የሚባሉ፣ ከትንኝ እምብዛም የማይበልጡ ተርቦች። ሰው አይነድፉም። እናቲቱ አባጨጓሬውን ወግታ እንቁላሎቿን ገላው ውስጥ ትጥላለች። የቲማቲሙን አባጨጓሬ የምታጠቃው ዝርያ ልጆች አንድ ገላ ውስጥ ከመቶ ሊበልጡ ይችላሉ።

አባጨጓሬው ዝም ብሎ እጁን የሚሰጥ አይደለም። ደሙ ውስጥ ባዕድ ነገርን ከብበው የሚያፍኑ ሴሎች አሉት። ለዚህም እናቲቱ ተዘጋጅታ ነው የምትመጣው፤ ከእንቁላሉ ጋር ቫይረስ ትለቅበታለች። ቫይረሱ እነዚያን ሴሎች ያሽመደምዳቸዋል። የገረመኝ ቫይረሱ ከሌላ ቦታ የመጣ አለመሆኑ ነው። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተርቦቹን ቅድመ አያት የያዘ ቫይረስ ዘረመላቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ዛሬ የራሳቸው የጦር መሣሪያ ሆኗል፤ የሚመረተውም እናቲቱ እንቁላል ማፍሪያ አካባቢ ነው።

ከዚያ ከእንቁላሉ የሚፈለፈሉት እጮች ደሙን እየመጠጡ ያድጋሉ። ዋና ዋናውን የውስጥ አካል አይነኩም። ቤቱ ከፈረሰ አብረው ያልቃሉና። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ቆዳውን ቀደው ይወጡና እዚያው ጀርባው ላይ ሐር ፈትለው ይጠቀለላሉ። አባጨጓሬው ያኔም አልሞተም። መብላት ግን አቁሟል፤ ቀን እየቆጠረ ነው።

የጎመኑ አባጨጓሬ ደግሞ ይብሳል። ገላውን ቀደው በወጡት ተርቦች ከረጢት ላይ የራሱን ሐር ደርቦ ይጠብቃቸዋል። ብራዚል ውስጥም በሌላ አባጨጓሬ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተጠንቷል። አባጨጓሬው ከረጢቶቹ አጠገብ ቆሞ፣ የሚጠጋ ነፍሳት ሲመጣ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ያባርራል። ገላው ሲከፈት ከወንድሞቻቸው ጋር ያልወጡ አንድ ሁለት እጮች ውስጡ ቀርተው ተገኝተዋል።

ይዘገንናል፤ አልክድም። ዳርዊንም በ1860 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ለአሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቸርና ሁሉን ቻይ አምላክ እንዲህ ዓይነት ተርብ በሕያው አባጨጓሬ ውስጥ እንዲመገብ ሆን ብሎ ይፈጥራል ብሎ ራሱን ማሳመን እንዳቃተው ገልጿል። እኔ ግን ጭካኔ የሚለው ቃል እዚህ ቦታው አይመስለኝም። እጩ የሚያውቀው አንድ ኑሮ ብቻ ነው። ደግሞ በመርዝ የሚሞተው አባጨጓሬ የተሻለ አሟሟት አለው ያለው ማነው?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከረጢት የተሸከመው አባጨጓሬ ከዚህ በኋላ አንድ ቅጠል አይነክስም። እሱን መጨፍለቅ የሞተን መግደል ነው። የሚጠፉት ነገ ወጥተው ሌላ አባጨጓሬ የሚያጠቁት ተርቦች ናቸው። በእርግጥ አንዳንዱ የተወጋ አባጨጓሬ እጮቹ እስኪወጡ ድረስ መብላቱን አይተውም፤ ጥቅሙ የሚታየው በሚቀጥለው ትውልድ ነው። ዛሬውኑ ውጤት ለሚፈልግ ሰው ይህ አይዋጥም፤ ይገባኛል።

ተርቦቹም ቢሆኑ ያለ ስጋት አይኖሩም። ሊሲቢያ ናና የምትባል ሌላ ተርብ አለች። አባጨጓሬው ውስጥ ያለው እጭ የአባጨጓሬውን ምራቅ ይለውጠዋል፤ በዚያ ምራቅ የተነከሰው ቅጠል ሽታም ይለወጣል። እሷ ሽታውን ተከትላ ትመጣና ከረጢቶቹን እየወጋች የራሷን እንቁላል ትጥልባቸዋለች። ስለዚህ ካልነካችሁት አባጨጓሬ ጀርባ ላይ ከሳምንት በኋላ የሚበረው የትኛው ተርብ እንደሆነ አይታወቅም።