የኔታ፣ ቲቸር እና ማጊስተር

ስዊድን አገር ተማሪ አስተማሪውን በስሙ ነው የሚጠራው። ማዕረግ የለም፣ አንቱታ የለም። ስቶክሆልም የተወለዱት ልጆቼ ያደጉት በዚህ ነው።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ለገጣፎ እህቴ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ትልቋ ልጇ አስተማሪዋን መንገድ ላይ አይታ «ቲቸር!» አለች። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፊደል የሚቆጥረው ትንሹ ደግሞ «የኔታ» ይላል። ልጆቼ «ስማቸው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ስም አይደለም። «የኔ ጌታ» አጥሮ ነው «የኔታ» የሆነው። ጌትነቱ ታዲያ የሀብት አይደለም። ልጁን ከሀሁ ተነስተው ዳዊት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። «መሪጌታ» ውስጥም ይኸው ጌታ አለ። «መምህር» ግን ከግዕዙ «መሀረ» የመጣ ነው፤ አስተማረ ማለት ነው። ትምህርትና ምሁርም ከዚያው ይወለዳሉ። ከ«ምሕረት» ጋር የሚያዛምዱት አሉ። ያኛው በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው፣ ሥሩም ሌላ ነው።

የለገጣፎ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች «በርሲሳ» ይላሉ፤ እንዲማሩ የሚያደርግ ማለት ነው። የኛም «አስተማሪ» ከ«ተማረ» የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች እንዲህ መገናኘታቸው በጣም ደስ ይለኛል።

ስዊድኖችም ድሮ እንደኛው ነበሩ። ወንዱን አስተማሪ «ማጊስተር» ይሉት ነበር። ቃሉ ላቲን ነው፤ አለቃም ጌታም መምህርም ይሆናል። የዕብራይስጡ «ረቢ»ም «የኔ ታላቅ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስዊድኖች አንቱታን ሲተዉ ማጊስተርም አብሮ እየቀረ መጣ።

በዚህ አልከፋም። ልጆቼ አስተማሪያቸውን ቀና ብለው አይተው «አልገባኝም» ይላሉ። እኛ የኔታ ፊት፣ አለንጋው እያለ፣ ያን አንደፍርም ነበር። አለንጋው መቅረቱ ትክክል ነው።

የሚያሳስበኝ «ቲቸር» ነው። እንግሊዝ አገር እንኳ ተማሪው «ሰር» ወይም «ሚስ» ነው የሚለው። ታዲያ «መምህር»ን የመሰለ ቃል በእጃችን እያለ፣ ባለቤቶቹ እንኳ የማይጣሩበትን ምን አስመኘን? ልጆቹን አልወቅስም፤ ቃሉን የሰሙት ከእኛው ነው። የምለምነው መምህራኑን ነው። መስከረም ላይ ስማችሁን ሰሌዳው ላይ ስትጽፉ፣ እባካችሁ ከፊቱ «መምህር» ወይም «መምህርት» ብላችሁ ጨምሩበት።