ሃክ ለጂም ጓደኛ ነበር?

የክርክሩ ርዕስ፦ የማርክ ትዌይን ልብ ወለድ «ሃክልቤሪ ፊን»፣ ልጁ ሃክ ከባርነት ካመለጠው ከጂም ጋር በወንዝ የሚወርድበት ታሪክ፣ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ይበላሻል።

ደጋፊ፦ ምዕራፍ 31 ላይ፣ ባሪያ ማስመለጥ ኃጢአት ነው ተብሎ ያደገው ሃክ ጂምን ለእመቤቱ አሳልፎ የሚሰጠውን ደብዳቤ ቀዶ «ይሁን፤ ሲኦል እገባለሁ» ሲል እንባዬ መጣ። ከዚያ ጓደኛው ቶም ሶየር ደረሰና ሁሉም ፈረሰ። ጂም ተሽጦ ጎጆ ውስጥ ታስሮ ሳለ፣ ቶም ከጀብዱ መጻሕፍት የለቀመውን የማምለጫ ሥርዓት ለማሟላት አይጥና እባብ ያስገባበታል። አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1935 ጂም ከተሰረቀ በኋላ ያለውን ማጭበርበር ነው ያለው በከንቱ አይደለም።

ተቃዋሚ፦ የታላቅ ሰው ስም መጥራት ማስረጃ አይሆንም። ልጆች ናቸው፤ ልጅ ይጫወታል። ቶምን እ.ኤ.አ. ከ1876ቱ የትዌይን መጽሐፍ «ቶም ሶየር» ጀምሮ የምናውቀው እንዲሁ ነው። ምን ጠብቀው ነበር?

ደጋፊ፦ «ልጅ ይጫወታል» አሉኝ። በማን? ጂም ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው። ልጆቹ ለጨዋታቸው የፈለጉትን የቢላ መሳያ ድንጋይ ማንከባለል ሲያቅታቸው፣ ጂም የአልጋውን እግር አንሥቶ ሰንሰለቱን ያወጣል፤ በቆፈሩት ጉድጓድ ወጥቶ ድንጋዩን ያንከባልልላቸውና ተመልሶ ይታሰራል። ቶም ደግሞ እመቤቲቱ ስትሞት ጂምን በኑዛዜ ነፃ እንዳወጣችው ያውቃል! ይህን ጨዋታ ይሉታል?

ተቃዋሚ፦ ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ቃል መዝዘው ልጆች በሰው መከራ ሲጫወቱ የምደሰት ሰው አስመሰሉኝ፤ አዝኛለሁ። ትዌይን መጽሐፉን የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያሸነፈው የሰሜኑ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1877 ደቡቡን ለቆ ከወጣ በኋላ፣ በሕግ ነፃ የወጡ ሰዎች መብታቸውን ሲነጠቁ አይቷል። ነፃ ሆኖ ሳለ በሰንሰለት የታሰረው ጂም የዚያ ዘመን ሥዕል ነው። ንዴትዎ ተገቢ ነው፤ ያረፈበት ቦታ ግን ስቷል።

ደጋፊ፦ እኔ የምጠይቀው ሃክን ነው። ስለ መቆፈሪያው ከቶም ጋር ይሟገታል፤ ስለ ጂም ሥቃይ ግን ያን ያህል አይሟገትም። ሲኦልን የመረጠው ልጅ የት ሄደ?

ተቃዋሚ፦ ርዕሱ መጽሐፉ ተበላሽቷል ወይ የሚል ነበር፤ አሁን ሃክ ጓደኛ ነው ወይ ሆነ። ይሁን። በማምለጫው ሌሊት ጥይት የቶምን እግር ሲመታ፣ ጂም ማምለጡን ትቶ ሐኪም ሳይመጣ አልንቀሳቀስም ይላል። የሃክ ልብ በኩራት ይሞላል። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋሉ?

ደጋፊ፦ በኩራት? ያን ገጽ ደግመው ያንብቡት። ሃክ የሚለው «ውስጡ ነጭ እንደሆነ አውቅ ነበር» ነው። ያን ሁሉ ወንዝ አብረው ከወረዱ በኋላ!