ክብር ለጎድፋዘር ሊቃውንት

አገሩ ሊቅ አጣ የሚል ካለ ፒያሳ ወርዶ አንድ ማኪያቶ ይዘዝ። ከጎኑ አንድ የጎድፋዘር፣ የዚያ የማፊያ ፊልም፣ ሊቅ አያጣም። እነዚህ ወገኖቻችን ጸጋቸው ልዩ ነው። እኛ ከተማ ስናይ እነሱ ፊልም ያያሉ።

ሚኒባሱ በዚያች በምናውቃት ዜማ ጥሩምባውን ሲነፋ እኛ ጆሯችንን እንይዛለን። ሊቁ ግን ዓይኑን ጨፍኖ «ኒኖ ሮታ!» ብሎ የፊልሙን ዜማ ደራሲ ይጠራል። ፀጉር ቤት ስንገባ የማፊያውን አለቃ ዶን ኮርሊዮኔን ሆኖ የሚተውነው የማርሎን ብራንዶ ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ። ኮቱ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ሰክቷል። «ይሄ ሰውዬ እኮ እ.ኤ.አ. በ1973 ኦስካሩን አልቀበልም ያለ ነው» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ትምህርቱን ይጀምራል። አንገትህ ላይ ምላጭ ስላለ ተነስተህ አትሄድም። እንዲህ ያለ የተረጋጋ ተማሪ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ያገኛል?

እኔን ያስደነቀኝ ግን የብርቱካኑ ነገር ነው። በፊልሙ ዶን ኮርሊዮኔን በጥይት የሚመቱት ብርቱካን ሲገዛ ነው። በቀደም አራት ኪሎ ጁስ ቤት ገብተን የብርቱካን ጭማቂ ላዝ ስል አንዱ ሊቅ ክንዴን ለቀም አደረገኝ።

«ተው አንተ! ብርቱካን ከታየ ሰው ይሞታል!»

አቮካዶ አዘዝኩ። ይኸው እስካሁን አለሁ። ብርቱካኑ የገባው ጨለም ያለውን ትዕይንት ለማድመቅ ነው ብለው የፊልሙ ባለሙያዎች ተናግረዋል ብትሉት ይስቅባችኋል። ፊልሙን ስለሠሩ ብቻ ምን ያውቃሉ?

ሰርግ ላይማ ተዉት። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የሽማግሌ ጉልበት ሲስሙ ሊቁ በክርኑ ጎሸም ያደርግሃል። «አየሃት? ከጎድፋዘር የተኮረጀች ናት።» ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ቅድመ አያቶቻችን የፊልሙ ዳይሬክተር ኮፖላ ሳይወለድ አስቀድመው ከእሱ መኮረጃቸው፣ መቼም እኛ አበሾች ለኩረጃ ማን ብሎን!

«ለመሆኑ ፊልሙን አይተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፊልም እኮ ነው። ሊቅ ያን ያህል ጊዜ ከየት ያመጣል? ቲክቶክ ላይ በሰላሳ ሰከንድ ፍሬ ነገሩን ይጨምቁለታል። ደግሞ ያየ ሰው ዝም ነው የሚለው፤ ምን ይጠቅመናል?

የብርቱካኑ ሊቅ ያን ዕለት ሂሳብ ሲመጣ እንደ ዶን ኮርሊዮኔ ድምፁን ጎርነን አደረገ። ጉንጩን ነፋ። አገጩን በጣቶቹ ጀርባ እያሻሸ አስተናጋጇን ከላይ እስከ ታች አያት።

«እህቴ፣ እምቢ የማትይው ሐሳብ ላቅርብልሽ። ነገ ልክፈልሽ።»

«በካሽ ነው በቴሌብር?» አለችው።