የጆሮ ጥፋት፣ የሆድ ቅጣት

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ አውቶቡስ ገና ጥምዝምዙን ሲጀምር፣ ከኋላ ወንበር «ረዳት፣ ፌስታል!» የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። ፌስታሉ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ባለቤቱ ዘንድ ሳይደርስም ምርመራው ይጀመራል። አንዲት እናት ጠዋት የተበላውን ቅቤ የበዛበት ፍርፍር ይከሳሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጡት አዛውንት «በባዶ ሆድ መጓዝ ነው እንጂ!» ይላሉ፤ ሌላው የናፍጣውን ሽታ፣ ሌላው ሾፌሩን ያነሣል። ስሙን የሚጠራው የማይገኘው ጆሮ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ያለው ግን እዚያ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ፈሳሹ ይንቀሳቀስና «እየዞርን ነው» የሚል ወሬ ለአንጎል ይደርሰዋል። ዓይን በበኩሉ ከፊቱ ባለው የወንበር ጀርባ ወይም በስልኩ ላይ ተተክሎ «ኧረ ማንም ካለበት አልተነቃነቀም» ብሎ ይመሰክራል። አንጎል በሁለቱ ምስክሮች መካከል ግራ ይጋባል። ፍርዱ ለምን በሆድ ላይ እንደሚያርፍ፣ ሚሼል ትሬስማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1977 እ.ኤ.አ. አንድ መላምት አቅርበዋል፦ የስሜት ሕዋሳት እንዲህ ሲቃረኑበት አንጎል መርዝ የተበላ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ያስወጣዋል። ፍርፍሩ የተፈረደበት እንግዲህ በሐሰት ክስ ነው።

ንጹሕ አየር ሕመሙን ቀለል እንደሚያደርገው የማያውቅ መንገደኛ የለም፤ መስኮት የሚያስከፍት መንገደኛም የለም። በበረሃው ሙቀት ላብ በግንባሩ እየወረደ፣ ጎረቤቱ ፌስታል ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ እያየ፣ «ዝጋው ወንድሜ፣ ነፋስ ይመታናል» የሚል ሰው ምንጊዜም አለ። የነፋስን ምት ከጎረቤቱ ትውከት አብልጦ የሚፈራ ሕዝብ መሆናችንን አልክድም፤ እኔም ነጠላ ደርቤ ከዘጊዎቹ ወገን ሆኜ አውቃለሁ።

ሾፌር ሲያስመልሰው ብዙም አይታይም፤ መንገዱን ፊት ለፊት ስለሚያይና መሪውን ራሱ ስለሚያዞር እጥፋቱ ከመምጣቱ በፊት ሰውነቱ ይዘጋጃል። ከእርሱ ቀጥሎ የሚሻለው መንገዱን እያየ ጋቢና የሚቀመጥ ነው። ጋቢና ግን ለታመመ ሲሰጥ አላየሁም፤ የሚሰጠው ለረዳቱ ዘመድ ወይም ከረባት ላሰረ ሰው ሲሆን፣ እርሱም ገና ከአዲስ አበባ ሳይወጣ እንቅልፍ ይወስደዋል። መኪና የሚያመው ምስኪን፣ ውዝዋዜው የሚበረታበት የመጨረሻው ወንበር ላይ ይመደባል፤ ለመርሳት ሲልም ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ይጀምራል።

ከመነሣት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መዋጥ ያለበትን ክኒን ደግሞ ከኪሱ የሚያወጣው፣ ሁለት ፌስታል ከሞላ በኋላ ድልድዩ ጋ ነው። ዳገቱ አልቆ፣ ደጀን ታልፎ፣ መንገዱ ሜዳ ላይ ሲቃና መድኃኒቱ ሥራውን ይጀምራል፤ ማቅለሽለሹን ፈልጎ ስለሚያጣ ሰውየውን ያስተኛዋል። ደብረ ማርቆስ ሲደረስ ረዳቱ ትከሻውን እየነቀነቀ «ጋሼ፣ ወራጅ አይደሉም እንዴ?» ይለዋል።