እርማት፦ «ጂአርኢ 320 ካልሞላ አታመልክት» ስለሚባለው

ወንድሜ፣ ስለ ጂአርኢ (ለማስተርስና ለፒኤችዲ መግቢያ ስለሚያገለግለው ፈተና) «ከ320 በታች ካመጣህ አሜሪካ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻህን ሳያነቡ ይጥሉታል፣ ብርህን አታባክን» ብለሃል። በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

መጀመሪያ ነገር፣ 320 የሚባል ነጥብ ውጤት ወረቀቱ ላይ የለም። የፈተናው አዘጋጅ ኢቲኤስ የቨርባልን (የእንግሊዝኛ ንባብና ቃላት) ውጤት ለብቻ፣ የኳንትን (የሒሳብ) ለብቻ ነው የሚሰጠው፤ እያንዳንዳቸው ከ130 እስከ 170። የጽሑፍ ክፍሉ ደግሞ ከ0 እስከ 6። የምንደምረው እኛው ነን! እስቲ ሁለት አመልካች ውሰድ። አንዷ ኳንት 168፣ ቨርባል 152። ሌላው ኳንት 152፣ ቨርባል 168። ሁለቱም «320» ናቸው። ኢንጂነሪንግ ክፍል ሲደርሱ ግን የሚታዩት ለየቅል ነው። ታሪክ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል።

ኢቲኤስ ራሱ «በዚህ ውጤት ብቻ ሰው አትጣሉ» ብሎ ዩኒቨርሲቲዎችን ይመክራል። ሁሉም ይሰማዋል ማለቴ አይደለም፤ እንደ ወንፊት የሚጠቀሙበት አይጠፉም። ጭራሽ የማይጠይቁም ሞልተዋል፤ የኤምአይቲ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል አንዱ ነው። ለፒኤችዲማ የምርምር ልምድህና የመምህራንህ የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል።

ለፈተናው 220 ዶላር ገደማ ከመክፈልህ በፊት የክፍሉን ድረ ገጽ እየው። «ግዴታ አይደለም» እና «አንቀበልም» ይለያያሉ። የመጀመሪያው ከሆነ፣ ጥሩ ካመጣህ ላከው፤ ካልሆነ ተወው። ሁለቴ ከተፈተንክም የተሻለውን ብቻ መላክ ትችላለህ። ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል።