ዌልስ ተበድላለች፤ በኢምፓየሩ ግፍ ግን እጇ አለበት

ስለ ብሪታንያ ኢምፓየር ክርክር በተነሳ ቁጥር ከዌልስ በኩል አንድ መልስ አይጠፋም። «እኛ እኮ የእንግሊዝ የመጀመሪያ ቅኝ ግዛት ነን፤ ስለ ኢምፓየሩ እንግሊዞችን ጠይቁ» የሚል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን መልሱ ግማሽ እውነት ነው፤ በዚህ ግማሽ ብቻ የሚቆም ሰው ደግሞ ሌሎች ተበዳዮችን ከታሪኩ ያስወጣል።

እውነት የሆነውን ግማሽ አልክድም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1282 ልዑል ሌዌሊን ተገደለ፤ አገሩም በእንግሊዙ ንጉሥ በቀዳማዊ ኤድዋርድ እጅ ወደቀ። በ1536 ዌልስ በሕግ ከእንግሊዝ ጋር ስትጠቃለል የፍርድ ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ቋንቋውን የማያውቀው ገበሬ በገዛ አገሩ ባዕድ ሆኖ ችሎት ፊት ቆመ። በ1847 ደግሞ ዌልሽኛ የማይሰሙ የመንግሥት መርማሪዎች ትምህርት ቤቶቹን ሊያዩ መጥተው፣ ቋንቋው ለኋላቀርነት ምክንያት ነው፣ ሕዝቡም ምግባረ ብልሹ ነው ብለው ጽፈው ሄዱ። በዚያ መቶ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች በእናቱ ቋንቋ ሲያወራ የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ይህ ግፍ ነው፣ ቂሙም ተገቢ ነው።

ግን የተበደለ ሕዝብ ሌላውን አይበድልም ያለው ማነው?

ከጨርቁ ልጀምር። በ18ኛው መቶ ዘመን ሜሪዮኔዝና ሞንትጎመሪ በሚባሉት ተራራማ የዌልስ አውራጃዎች ብዙ የገበሬ ቤተሰብ ኑሮውን የሚደጉመው በሱፍ ነበር። ቤት ውስጥ ይፈተላል፣ ቤት ውስጥ ይሸመናል። የሚወጣው ጨርቅ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ዌልሽ ፕሌይን ይባል ነበር። ድንበሩ ላይ ያለችው የሽሩስበሪ ከተማ ነጋዴዎች ይገዙታል፣ ከዚያ ወደቦቹ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ካሪቢያንና ወደ አሜሪካ ይጫናል። የሚለብሱት በእርሻዎቹ ላይ በባርነት የሚሠሩ አፍሪካውያን ነበሩ። ያንን የሚኮሰኩስ ሱፍ በጃማይካ ፀሐይ፣ ላብ እየወረደ፣ ሸንኮራ አገዳ እየቆረጡ መልበስ ምን እንደሆነ አስቡት። ሱፉን የፈተለችው እናት ይህን ላታውቅ ትችላለች፤ ድሃ ናት፣ ልጆቿን ማብላት አለባት፤ እሷን ከባሪያ ነጋዴ እኩል ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነጋዴው ግን «የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው» ያለ ሰው ነው። ጨርቁ ማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ አሳምሮ ያውቃል።

ማወቁስ በግልጽ የታየበት ጊዜ አለ። ቶማስ ዊሊያምስ የዌልሷ የአንግልሲ ደሴት ሰው ነው፣ በመዳብ የከበረ። በ1788 ፓርላማው የባሪያ ንግዱን በሕግ ሊገድብ ሲነሳ ዓይኑን በጨው ታጥቦ አቤቱታ አስገባ፤ እሱና ሸሪኮቹ ለአፍሪካ ንግድ፣ ማለትም ለባሪያ መለወጫ፣ የሚሆን ዕቃ በሚሠሩ ፋብሪካዎች ላይ 70 ሺህ ፓውንድ አፍስሰናል ብሎ። ስለ ኪሳራው እንጂ ስለ ሰዎቹ አልተጨነቀም።

በተቃራኒው የቆመም ነበር። የዌልሱ ባለቅኔ ዮሎ ሞርጋኑግ በ1790ዎቹ ካውብሪጅ ከተማ በከፈተው ሱቅ በባርነት ጉልበት የተመረተ ስኳር አልሸጥም ብሎ፣ ከምሥራቅ ሕንድ የመጣ፣ በሰው ደም ያልተበከለ ስኳር እንደሚሸጥ ያስተዋውቅ ነበር። ወንድሞቹ ግን ጃማይካ ውስጥ ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ። ከአንድ እናት የወጡ ልጆች ናቸው እንዲህ የተለያዩት። «በዚያ ዘመን ማንም አያውቅም ነበር» የሚለው ማመካኛ ስለዚህ አይሠራም።

ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ነገሩን አፍረጥርጦ የሚያሳየው የፔንሪን ታሪክ ነው። ሪቻርድ ፔናንት የሊቨርፑል የፓርላማ አባል ነበር፣ በኋላም ሎርድ ፔንሪን ተባለ። ጃማይካ ውስጥ ሰፋፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ነበሩት፤ እግሩ ግን ጃማይካን ረግጦ አያውቅም፤ የሚያስተዳድረው በደብዳቤ ነበር። በፓርላማ የባሪያ ንግዱ እንዳይቆም ከተሟገቱት ዋነኛው እሱ ነው። ከዚያ የሚመጣውን ገንዘብ ሰሜን ዌልስ ላይ አፈሰሰው። ስሌት የሚባለውን የቤት ክዳን ድንጋይ የሚያወጣ ትልቅ የድንጋይ ካባ አቋቋመ፤ መንገድ ሠራ፤ ባንጎር አጠገብ ወደብ ገነባ። በ1833 ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ሲወጣ መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ። ካሳው የተከፈለው ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነው። ንብረቱን የወረሰው ጆርጅ ሄይ ዶውኪንስ ፔናንት ለ764 ሰዎች ከ14 ሺህ 600 ፓውንድ በላይ ተቀበለ። ሰዎቹ ሰባራ ሳንቲም አልደረሳቸውም። እሱ በዚያው ዘመን ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍበትን ግዙፍ የፔንሪን ግንብ እያሠራ ነበር።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። በ1900 በዚያው የድንጋይ ካባ ወደ 2,800 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ አድማው ሦስት ዓመት ቆየ። ቤተስዳ በምትባለው የሠራተኞቹ ከተማ ሰዎች መስኮታቸው ላይ «በዚህ ቤት ከሃዲ የለም» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ረሃብ ፈታቸው፣ ብዙዎች ወደ ደቡቡ የከሰል ማዕድን ተሰደዱ። ሰሜን ዌልስ ይህን አድማ እስከዛሬ አልረሳም፣ መርሳትም የለበትም። ግን በደላቸውን ሲቆጥሩ ከጃማይካ ይጀምሩ ነው የምለው። ቤተስዳን ያስራበው ሀብት ከዚያ በፊት የሌሎችን ጉልበት የበላ ሀብት ነው።

ወደ ወታደሩም እንምጣ። ቶማስ ፒክተን ሃቨርፎርድዌስት የምትባል የዌልስ ከተማ ልጅ ነው። ብሪታንያ በ1797 ትሪኒዳድን ስትይዝ ገዢ ሆኖ ተሾመ። በ1801 ሉዊሳ ካልዴሮን የምትባል የ14 ዓመት ገደማ ልጅ በሌብነት ተጠረጠረች፤ እንድትሠቃይ ፈቅዶ ፈረመ። አንድ እጇን በገመድ ከላይ አሰሩት፣ ባዶ እግሯን ሹል እንጨት ላይ አቆሟት። በ1806 ለንደን ላይ ጥፋተኛ ተባለ፣ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ግን ሳይቀጣ ቀረ። በ1815 በዋተርሎ ጦርነት ሲሞት ጀግና ተባለ፣ ሐውልቱም ካርዲፍ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ከዌልስ ጀግኖች ተርታ ቆመ። በ2020 የከተማው ምክር ቤት ሐውልቱ ይነሳ ብሎ ወሰነ፣ ሳጥን ውስጥም ተሸፈነ። ደግ አደረጉ። ይህን ያደረገ ሰው የአንድ ሕዝብ ጀግና ተብሎ ሊቆም አይገባውም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበን ግን ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ነው። በ1841 ዴንቢ በምትባል የዌልስ ከተማ ሲወለድ ስሙ ጆን ሮላንድስ ነበር። እናቱ ሳታገባ የወለደችው፣ ገና በልጅነቱ ለድሆች በተሠራ የመጠለያና የሥራ ቤት የተጣለ ምስኪን ነው። አሜሪካ ተሻግሮ ስሙን ለወጠ። በ1868 የናፒየርን ጦር ተከትሎ በኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጠኝነት መቅደላ ድረስ መጣ። ዘረፋውን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። የአፄ ቴዎድሮስን ሞትም ከሁሉም ቀድሞ ለዓለም ያሰማው እሱ ነው፤ ስዊዝ ላይ ከቴሌግራፍ ሠራተኛው ጋር አስቀድሞ ተመሳጥሮ ስለነበር ዜናው ለንደን የደረሰው ከመንግሥቱ መልእክት በፊት ነው። እውቅናው ከዚያ ጀመረ። ከ1879 ጀምሮ ደግሞ ለቤልጂጉ ንጉሥ ለዳግማዊ ሊዮፖልድ ኮንጎ ውስጥ መንገድ ቀየሰ፣ ጣቢያ ተከለ፣ ከባላባቶች ጋር ውል ተዋዋለ። ሰዉን በግዳጅ ጎማ እያስለቀመ ሚሊዮኖችን የፈጀው የሊዮፖልድ አገዛዝ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። የልጅነቱን ታሪክ ሳነብ አንጀቴን ይበላኛል። ግን ያ መከራ ለኮንጎ ሰዎች ምን ይፈይዳል? ዴንቢ በ2011 ሐውልት አቆመችለት፤ በ2021 ይነሳ ወይስ ይቆይ ተብለው ሲጠየቁ ድምፅ ከሰጡት ነዋሪዎች አብዛኞቹ ይቆይ አሉ። ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ቢያንስ ኮንጎ ውስጥ ምን እንደተሠራ ሐውልቱ ሥር በግልጽ ተጽፎ መነበብ ነበረበት።

ይህን ሁሉ የምለው ዌልስን ከእንግሊዝ እኩል ጥፋተኛ ለማድረግ አይደለም። ኢምፓየሩ የሚታዘዘው ከለንደን ነበር። ግን ገንዘቡም፣ መዳቡም፣ ጨርቁም፣ ሰዉም ከዌልስም ወጥቷል። ደስ የሚለው፣ ከ2022 ጀምሮ የጥቁሮች ታሪክ በዌልስ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሆኗል፤ ከብሪታንያ አገሮች ቀዳሚዋ ናት። እንግዲህ ቤተስዳ ያለ ልጅ ስለ 1900ው አድማ በሚማርበት ክፍለ ጊዜ፣ ካሳ ስለተበላባቸው 764 ሰዎችም መምህሩ ይንገረው።