«ፊልሙን አይቼዋለሁ» አትበሉኝ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ስለ ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት» ባነሳሁ ቁጥር መልሱ «ፊልሙን አይቼዋለሁ» ነው። አንጀቴ እርር ይላል! በመጽሐፉ ውስጥ እስረኛው አባ ፋሪያ ጥቀርሻ በወይን በጥብጠው፣ በቀደዱት ሸሚዝ ላይ ይጽፋሉ፤ በግፍ የታሰረውን ዋና ገጸ ባሕሪ ኤድሞን ዳንቴስንም ከጨለማው ጉድጓድ ሳይወጡ ሒሳብና ቋንቋ ያስተምሩታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የወጣው ፊልም ግን ሰይፍ ያስጨብጣቸዋል። ይባስ ብሎ የጠላቱን ልጅ አልበርትን የራሱ የኤድሞን ልጅ አድርጎት አረፈ! የተነጠቀውን እጮኛውን መርሴዲስንም መለሰለት። ዱማ እኮ ሆን ብሎ ነው የለያያቸው፤ ያ ሁሉ በቀል ተፈጽሞ እንኳ የተነጠቀው ፍቅር አለመመለሱ ነው ልብ የሚሰብረው። ያንን ሐዘን ማን ቁረጡት አላቸው? እባካችሁ፣ የጮቄ ብርድ ቤት ባዋላችሁ ቀን መጽሐፉን ግለጡት። ካጣችሁት እኔ አውሳችኋለሁ።